ለቤት ሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን የማገናኛ ሽቦ አመራረጥ

በቤቱ ጥራት ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ለማቆም የሚያስብ ሰው፣ ገንዘቡንም ሐሳቡንም አስቀድሞ የሚያውለው በማጫወቻው፣ በአምፕሊፋየሩና በስፒከሮቹ ላይ ነው። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ግን አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ሽቦ ይቀራል። ገዢው ለዚሁ ወደ ሱቅ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ዕቃ ያገኛል፤ አንደኛው በጥቂት ብር የሚሸጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሚያምር ሣጥን ታሽጎ የአምፕሊፋየሩን ያህል ዋጋ የሚጠየቅበት ነው። የልዩነቱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ነጋዴውን ይጠይቃል፤ ነጋዴውም ሊመልስለት ይገባል። መልሱ እውነተኛ ካልሆነ ገዢው ገንዘቡን፣ ነጋዴውም ውሎ አድሮ ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ሽቦ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ማወቅ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ስለ ሆነ፣ የሚከተለውን ማብራሪያ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

የሽቦው ሥራ

ከማጫወቻ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው የኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው የሲዲ ማጫወቻ ቢበዛ የሚሰጠው በተለመደው አሠራር 2 ቮልት ያህል ሲሆን፣ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚሰጠው ግን ጥቂት የቮልት ሺህኛ ክፍሎችን ብቻ ነው። ይህን ኃይል በሚያስተላልፈው ሽቦ ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መሰኪያ አር ሲ ኤ ይባላል። ስሙን ያገኘው ሬዲዮ ኮርፖሬሽን ኦቭ አሜሪካ ከተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው መሰኪያውን ያወጣው ግራማፎንን ከሬዲዮ ጋር ለማገናኘት ነበር።

ጀርመናዊው ሊቅ ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ለዚህ ጉዳይ ዋና መመዘኛ ነው። ሽቦ ለኤሌክትሪክ መሰናክል የሚሆንበት መጠን ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የማገናኛ ሽቦ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም ያነሰ ሲሆን፣ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10,000 ኦም በላይ ነው። ስለዚህ በሽቦው ላይ የሚቀረው ኃይል ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሽቦው በብር ቢሠራ ወይም ቢወፍር ይህ ነገር ለጆሮ በሚሰማ መጠን አይለወጥም።

ወደ ስፒከር የሚሄደው ሽቦ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስፒከሩ 4 ወይም 8 ኦም ብቻ ስለ ሆነ የሽቦው ውፍረት ዋጋ አለው። 10 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ስፒከር ስፋቱ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ፣ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ ሬዚስታንሱ 0.7 ኦም ያህል ይሆናል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን ወደ 0.14 ኦም ይወርዳል። ለዚህ የሚሆነው ወፍራም የመዳብ ሽቦ በማናቸውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በሜትር ይገኛል።

ሸክላ ለሚያጫውቱ

በማገናኛ ሽቦ ውስጥ መካከለኛው ሽቦና በዙሪያው ያለው የብረት መሸፈኛ አንድ ላይ እንደ ትንሽ ኮንደንሰር ሆነው ኃይል ያጠራቅማሉ። ይህም ካፓሲታንስ ይባላል፤ መለኪያውም ፒኮ ፋራድ ነው። ለሲዲ ማጫወቻና ለመሰሎቹ ይህ የሚያሳስብ አይደለም። መውጫው 1,000 ኦም ከሆነ ማጫወቻ ጋር 200 ፒኮ ፋራድ ያለው ሽቦ ቢያያዝ፣ ድምፁ መቀነስ የሚጀምረው በ800,000 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ግን እስከ 20,000 ኸርዝ ብቻ ነው።

ለሸክላ ማጫወቻ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት የመርፌ ራስ በውስጡ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ ሽቦ ስላለው፣ የካፓሲታንሱ መጠን የቀጭኑን ድምፅ ጠባይ ይለውጠዋል። ሲበዛ አንዳንዱ ቀጭን ድምፅ ከልክ በላይ ይጎላል፤ ከዚያ በላይ ያለውም ፈጥኖ ይወድቃል። ሠሪዎቹ የሚስማማውን መጠን ከመርፌው ጋር በሚሰጡት ወረቀት ላይ ይጽፉታል። አቶ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋሙት አምኃ ሪከርድስ የታተሙትን የመሰሉ የቆዩ ሸክላዎች በቤታቸው ያሉ ሰዎች፣ ለዚህ ሥራ አጭርና ካፓሲታንሱ ዝቅተኛ የሆነ ሽቦ መምረጥ ይገባቸዋል። ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑ ግን ለዚህ ማረጋገጫ አይሆንም።

ስለ ጉርምርምታ

ከብዙ ደንበኞች የሚሰማው ቅሬታ ሙዚቃው ባለበት ጊዜም ሆነ በሌለበት ጊዜ የማያቋርጥ ጉርምርምታ መኖሩ ነው። በአገራችን የመብራት ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለ ሆነ፣ ይህ ድምፅ የሚመጣው በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው የሽቦው መሸፈኛ ሳስቶ ወይም ተቆርጦ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው መሣሪያዎቹ በተለያዩ ሶኬቶች ተሰክተው በመሬት መስመሮቻቸው መካከል የኃይል ልዩነት ሲፈጠር፣ ያ ልዩነት በማገናኛው ሽቦ መሸፈኛ ላይ መመላለሱ ነው።

መድኃኒቱም እንደዚሁ ቀላል ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ ከአንድ ሶኬት ኃይል ይውሰዱ፤ የማገናኛው ሽቦ ከሚያስፈልገው ርዝመት አይለፍ፤ ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አይሂድ፤ መገናኘቱ ግድ ከሆነም በመስቀለኛ ይለፍ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ሲባል የመሬቱን መስመር መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ስለ ሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በብርሃን የሚሠራ መውጫና መግቢያ ካላቸው፣ ያ ዓይነቱ ገመድ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በዚያ በኩል የሚመጣውን ጉርምርምታ ይቆርጠዋል።

ስለ ወርቅና ስለ ማስታወቂያ

ብዙ መሰኪያዎች በወርቅ ተለብጠው ይመጣሉ። ወርቅ ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ከመዳብ ያንሳል፤ ጥቅሙ አለመዛጉ ነው። ስለዚህ ቀጭን ልባጥ ያለው መሰኪያ መግዛት ደግ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ግን ለጌጥ ነው። ከወርቁ ይልቅ ብየዳው የጸና፣ መሰኪያው ሳይላላም ሳይጠብቅም በልክ የሚገባ መሆኑን መመልከት ይበልጣል።

በአንዳንድ ሽቦዎች ላይ የአቅጣጫ ቀስት ተስሎ ይገኛል። የድምፅ ኤሌክትሪክ በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ስለ ሆነ፣ መዳቡ ራሱ መሄጃና መመለሻ የለውም። ቀስቱ ትርጉም የሚኖረው የሽቦው መሸፈኛ በአንድ ጫፍ ብቻ የታሰረ እንደ ሆነ ነው።

ውድ ሽቦ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል የሚል ክርክር ሲነሣ የሚያስታርቅ መንገድ አለ። የድምፁ ከፍታ እኩል ይደረግ፤ አድማጩም የትኛው ሽቦ እንደ ተሰካ ሳያውቅ ደጋግሞ ይስማ። ዋጋውንና ሣጥኑን አይቶ የሚሰማ ጆሮ ሳያታልል ይታለላልና።

የነጋዴው ድርሻ

እነዚህ ዕቃዎች በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው። አስመጪው በአንድ ውድ ሽቦ ዋጋ ብዙ ደኅና ሽቦዎችን ሊያመጣ ይችላል። ቸርቻሪውም ሽቦውን ከመሸጡ በፊት በቴስተር ለክቶ መስመሩ ያልተቋረጠ መሆኑን ለደንበኛው ቢያሳይ፣ ርዝመቱን እንደ ክፍሉ ስፋት ቢመክረው፣ የተረፈውንም ገንዘብ በተሻለ መርፌ ወይም በተሻለ ስፒከር ላይ እንዲያውለው ቢነግረው፣ ትርፉ የዛሬ ብቻ አይሆንም። መርፌና ስፒከር ጆሮ የሚለየውን ለውጥ ያመጣሉና ደንበኛው ረክቶ ይመለሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ በሣጥን ውበት የተሸጠ ዕቃም ዋጋው እያደር መታወቁ አይቀርም።