ለእንጨት ሥራ የሚሆን ልክ በወረቀት

የደወሌ ሰው ሁለት ዓይነት ሐዲድ ያውቃል። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው ባቡር ሐዲዱ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሐዲዱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል። የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ልኩ አንድ አይደለማ!

በእንጨት ሥራም እንዲሁ ነው። አናጢ አንድ በርጩማ ሲሠራ አራት እግር ይቆርጣል። አንዱ ካጠረ በርጩማው ይንገዳገዳል። ስለዚህ አዋቂ አናጢ እግሩን ሁሉ በየጊዜው እንደ አዲስ አይለካም። መጀመሪያ ከካርቶን አንድ ልክ ያወጣል። ልኩን በጣውላው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ነው መጋዝ የሚያነሣው።

ዛሬ ይህ ልክ በኮምፒዩተር ሊሣል ይችላል። የኮምፒዩተር ሥዕል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ፎቶግራፍ ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። ሲያሰፉት ዳሩ ይደበዝዛል። ሁለተኛው በመስመር የሚሣል ነው። ኮምፒዩተሩ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የትስ ላይ እንደሚጎብጥ በቁጥር ይይዛል። ስለዚህ ቢያሰፉትም ቢያጠቡትም መስመሩ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ለአናጢ የሚበጀው ይኸኛው ነው። እንዲህ ያለውን ሥዕል ለመሣል ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ኢንክስኬፕ ይባላል። በነፃ ይገኛል።

ኮምፒዩተር የሌለው አናጢስ? ልኩን በሜትር ለክቶ፣ በደብተር ጽፎ፣ ከተማ ወዳለ የጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላል። የወንበር መደገፊያን የመሰለ ግራና ቀኙ አንድ የሆነ ነገር ከሆነ ግማሹን መሣል ይበቃል። ሌላውን ግማሽ ኮምፒዩተሩ እንደ መስተዋት ገልብጦ ያወጣዋል።

ችግሩ የሚመጣው ሲታተም ነው። የማተሚያ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ብሎ ያሳንሰዋል። ለዓይን አይታወቅም። 10 ሳንቲ ሜትር የነበረው 9.6 ሆኖ ቢወጣ 45 ሳንቲ ሜትር መሆን የነበረበት እግር 43.2 ይሆናል ማለት ነው። በደወሌ አካባቢ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ለጣውላ የሚሆን ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። አጥሮ የተቆረጠ ጣውላ ደግሞ አይቀጠል ነገር!

መላው ቀላል ነው። ሥዕሉ ሲሣል በአጠገቡ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስመር አብሮ ይሣል። አታሚው «መቶ በመቶ፣ ሳታሳንስ አትምልኝ» ይባል። ወረቀቱ ሲወጣ መስመሩ በሜትር ይለካ። ቁመቱም ወርዱም ይለካ እንጂ በአንዱ ብቻ መተማመን አይበቃም። 10 ካልሞላ ወረቀቱ ይጣል። ከጣውላ ወረቀት ይረክሳል።

የተለመደው የማተሚያ ወረቀት ቁመቱ 29.7፣ ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር ነው። 45 ሳንቲ ሜትር እግር በአንዱ ላይ አይበቃም። ስለዚህ ሥዕሉ ለሁለት ተከፍሎ ይታተማል። በሁለቱም ወረቀቶች ላይ የመስቀለኛ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ በምልክቱ ላይ ሲያርፍ ወረቀቶቹ ይጣበቃሉ። ከተጣበቁም በኋላ ጠቅላላው ርዝመት እንደገና ይለካ፤ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ መዛነፍ አይጠፋም።

ከዚያ ወረቀቱ በካርቶን ወይም በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ተለጥፎ ይቆረጣል። ሲያረጅ ሥዕሉ ከኮምፒዩተሩ እንደገና ይታተማል። ከአሮጌው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ማንሣት ግን ጥሩ አይደለም፤ ማሽኑ ልኩን በጥቂቱ ሊለውጠው ይችላል።