ከአንጎል ጋር ስለሚታጠፍ ስስ ኤሌክትሮድ

የሚጥል በሽታ የአንጎል ኤሌክትሪክ ሥርዓቱን ሲስት የሚነሣ ነው። ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ታመው ተገኝተዋል። ለብዙ ሕመምተኞች መድኃኒት ይበቃል፤ ለአንዳንዶቹ ግን የሕመሙን መነሻ በኤሌክትሮድ መፈለግ ያስፈልጋል።

ደረቅ የሲሊኮን መርፌ በትንፋሽና በልብ ትርታ የሚንቀሳቀሰውን ለስላሳ አንጎል ይፍቀዋል፤ ዙሪያው ይጠብሳል፤ ምልክቱም ይደክማል።

ብልሃቱ ማቅጠን ነው። በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የምናየውን ሐዲድ ማንም በእጁ አያጥፈውም፤ ስስ ቆርቆሮን ግን ልጅም ያጥፈዋል። ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ለመታጠፍ ያለው እምቢታ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳልና። ስለዚህ ወርቅ ወይም ፕላቲኒየም በስስ የፖሊኢሚድ ፕላስቲክ ላይ ይለበጣል።

ሆኖም የሰውነት እርጥበት በስሱ ሽፋን አልፎ ኤሌክትሮዱን ያበላሻል። እኛም ተማሪዎች ልንመረምረው የሚገባን ይህንኑ ነው ብለን እናምናለን።