የፒስታቺዮ ቅርፊት ምስክርነት

የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት በኅብረት የሰየሙት የሊቃውንት ጉባኤ፣ በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በአማካይ እስከ 10 ኪሎግሬይ የሚደርስ ጨረር የተቀበለ ምግብ ለበላተኛው መርዝነት እንደሌለው ወስኗል። ይሁን እንጂ ከተባይና ከሻጋታ ለመጠበቅ የፒስታቺዮ ፍሬው በጨረር ውስጥ አልፎ እንደሆነ ገዢው የማወቅ መብት አለውና፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ሻጩ ይህንኑ በግልጽ እንዲጽፍ ስለሚያስገድድ፣ ያልተጻፈውን መርምሮ የሚደርስበት ጥበብ ማስፈለጉ አልቀረም። ነገሩ ግን ረቂቅ ነው፤ 10 ኪሎግሬይ ያህል ጨረር እንኳ ውኃን የሚያሞቀው ከ3 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ ዐይንም አፍንጫም ከፍሬው የሚያገኙት ምልክት እምብዛም የለም።

ምስክሩ የተገኘው ሁላችን ከምንጥለው ከቅርፊቱ ነው። ጨረሩ በቅርፊቱ ያለውን ሴሉሎስ ሲሰባብር፣ በባሕርያቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚኖሩት ኤሌክትሮኖች አንዳንዶቹ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ እነዚህ በርጥብ አካል ውስጥ ቢሆኑ ወዲያው በጠፉ ነበር፣ ደረቁና ጠንካራው ቅርፊት ግን ለብዙ ወራት አግቶ ያቆያቸዋል። ዛቮይስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በ1944 በካዛን ከተማ ባገኘው ዘዴ መሠረት፣ የደረቀው የቅርፊት ስብርባሪ በቀጭን ብልቃጥ ሆኖ በማግኔት መካከል ይቀመጥና፣ ማይክሮዌቭ እየተላከበት የማግኔቱ ኃይል ቀስ በቀስ ሲጨምር፣ ብቸኞቹ ኤሌክትሮኖች ከማዕበሉ ጋር በሚስማሙበት ስፍራ ኃይል ይመጥጣሉ፤ መሣሪያውም ይህንን በመስመር ይጽፈዋል። በመካከል የሚታየው ትልቅ መስመር ጨረር ባልነካው ቅርፊትም ላይ ስለሚገኝ ፍርድ አይሰጥበትም፤ የሚፈረደው ከግራና ከቀኙ ቆመው፣ እርስ በርሳቸው በ6 ሚሊቴስላ ገደማ በሚራራቁት ሁለት ትናንሽ መስመሮች ነው። እነርሱ ከታዩ ፍሬው ጨረር ተቀብሏል፤ ባይታዩ ግን፣ እርጥበትና ዘመን ስለሚያደበዝዟቸው፣ አልተቀበለም ብሎ መማል አይቻልም።

መጠኑን ለመገመት መርማሪው ያንኑ ቅርፊት በታወቀ ልክ ደጋግሞ በጨረር ይመታና፣ ምልክቱ እያደገ የሄደበትን መስመር ወደ ኋላ በመሳብ ከዜሮ የሚደርስበትን ነጥብ ይፈልጋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ ቍጥር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ ፍሬው በመጋዘን ስንት ወር እንደቆየ ካልታወቀ፣ የደበዘዘው ምልክት ከእውነተኛው ያነሰ መጠን ይናገራልና። ፍሬው ተፈልፍሎ ከመጣ ደግሞ ከቅርፊቱ የሚጠየቅ ነገር ስለማይኖር፣ መርማሪው ወደ ስቡ ዞሮ፣ በጨረር ሲሰባበር የሚወልዳቸውን ሃይድሮካርቦኖች በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይፈልጋል።