ድምፃችንን ባሕር የሚያሻግረው መስታወት

በቅርቡ የጎበኘኋቸው አንዲት እናት ሲቭ ሊዘረጋ የመጣውን ቴክናይ ከበር መልሰውታል። የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጃቸው ዕብራይስጡን ስትተረጉምላቸው «በመስታወት ውስጥ ብርሃን ያስገባል» ብላቸዋለች። «ልጄ፣ ጨረር ከሕፃናት ጋር አላሳድርም» አሉኝ። ጎንደር ከቀረው ልጃቸው ጋር ሰንበት ሲወጣ በቪዲዮ ይነጋገራሉ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ፊቱን እንኳ በደንብ አያዩትም። (ሕፃንን አስተርጓሚ ማድረግ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።)

ውድ አንባብያን፣ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ሲቭ እንደ ጠጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። ንግግራችንም ምስላችንም በዓይን ወደማይታይ የብርሃን ብልጭታ ተለውጦ በውስጡ ይሮጣል። ነገር ግን መስታወቱ የቱንም ያህል ቢጠራ ብርሃኑ ይደክማል፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል። ጎንደር ደግሞ ሩቅ ነው። ከእስራኤል የሚነሱት የባሕር መስመሮች በሜዲትራኒያን ሥር ወደ ቆጵሮስና ወደ ጣሊያን ያመራሉ፤ ኢትዮጵያም የባሕር በር ስለሌላት መስመሯ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ይገባል።

ታዲያ የደከመውን ብርሃን ማን ያበረታዋል? በድሮው አሠራር በየመንገዱ ያለ መሣሪያ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ እንደገና ይልከው ነበር። ሰዎች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሲጠራሩ መካከል ያለው ሰምቶ ደግሞ እንደሚጮኸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ግን በእንግሊዝ አገር፣ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ፣ የዴቪድ ፔይን ቡድን ኤርቢየም የተጨመረበት የመስታወት ክር ብርሃኑን እንደ ብርሃንነቱ ሊያጎላው እንደሚችል አሳየ።

ኤርቢየም «ብርቅዬ ምድር» ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ ስሙ ኢተርቢ ከተባለች የስዊድን መንደር የመጣ ነው። መስታወቱ ውስጥ የሚገባው እንደ ወጥ ጨው በጥቂቱ ነው። ሌላ ሌዘር ጉልበት ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ዘፈን ተቀባይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አውጪው ሲደርስ በዚያው ዜማ ይቀበለዋል። የደከመው ብርሃን ሲያልፍ የኤርቢየም አቶሞች እርሱኑ የመሰለ ብርሃን፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው አቅጣጫ ይጨምሩለታል። ጥቂት ሜትር ክር ብርሃኑን መቶ እጥፍ ሊያበዛው ይችላል። ክሩ ራሱ በጨለማ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲያበራ የሚታይበት ጊዜም አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ማጉያዎች በውቅያኖስ ወለል ላይ ይሠራሉ፤ ኤሌክትሪካቸው በዚያው ገመድ ከየብስ ይላክላቸዋል።

ለእናቲቱ የነገርኳቸው ይህን ነው፦ ኤርቢየሙ ያለው በረጅሙ መስመር እንጂ እርስዎ ቤት አይደለም። ቤት የሚደርሰው ብርሃን ደካማ ነው፤ ከክሩ ወጥቶም ክፍሉ ውስጥ አይፈስም። ክሩ ቢሰበር ግን ጫፉን ወደ ዓይን አቅርቦ ማየት አይገባም፤ ስባሪውም ቆዳ ውስጥ ስለሚገባ ልጆች እንዳይነኩት፤ ቴክናይ ይጠራ።

ጥቂት አሰቡና፣ «ባሕር ውስጥ ሲበጠስስ?» አሉ። ብዙ ጊዜ የሚበጥሱት የመርከብ መልሕቅና የዓሣ መረብ ናቸው፤ የጥገና መርከብ ሄዶ ገመዱን በመንጠቆ ጎትቶ ያወጣና ይቀጥለዋል አልኳቸው። «መስታወት ይቀጠላል?» ብለው ሳቁ። አዎ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጠው ያጋጥሙታል።

ቴክናዩ ለማክሰኞ ጠዋት ተቀጥሯል።