የምን ዶክተር? ስለ ሦስተኛ ዲግሪ እውነቱና ተረቱ

አንድ የታሪክ ተመራማሪ ወዳጅ አለኝ። ፒኤችዲውን በጨረሰ ሰሞን የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ አስጠርተውት፣ «ዶክተር፣ ይቺን የወገቤን ነገር እስቲ እያት» አሉት። እሱ የሚያጠናው የድሮ የመሬት ግብርን እንደሆነ ሲነግራቸው ቅር ብሏቸው፣ «ታዲያ የምን ዶክተር ነህ?» ብለው ጠየቁት። ቃሉ በላቲን መነሻው መምህር ማለት ነው ብሎ ቢከራከር ማን ይሰማዋል! የሰብሳቢው ጥያቄ ግን ሦስተኛ ዲግሪ ልጀምር አልጀምር እያለ ለሚያመነታ ሰው ሁሉ ይሆናል። የምን ዶክተር? ለምን ሥራ?

«ዶክተር ሁሉን አዋቂ ነው» — ተረት

በአብነት ትምህርት «አራት ዓይና» የሚባለው ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ አራቱንም ጉባኤ ከነትርጓሜያቸው የዘለቀ ሊቅ ነው። ዶክተሩንም በዚያው ዓይን ስለምናይ ከእሱ ስፋት እንጠብቃለን። የፒኤችዲ መንገድ ግን እየጠበበ የሚሄድ ነው። ሰውየው አንዲት ጥያቄ ይዞ ለዓመታት ይቆፍራል፤ ከጎኗ ስላለችው ጥያቄ ከተማሪዎቹ የተሻለ ላያውቅ ይችላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ተማሪም እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል፤ መልሱ መምህሩም ዘንድ የለምና።

«ርዕሱ ዓለምን የሚለውጥ መሆን አለበት» — ተረት

አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ሬላቲቪቲ አልነበረም። ስኳር የሟሟበትን ውኃ መነሻ አድርጎ የሞለኪውልን መጠን የሚያሰላ፣ 30 ገጽ የማይሞላ ሥራ ነበር። የስሌት ስሕተትም ነበረበት፤ የታረመው ከዓመታት በኋላ ነው። ትልቅ ግኝት ደግሞ ከትንሽ ቦታ ይነሣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነው። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን በእንዶድ የመግደል ምርምር የተወለደው ከዚያ ወንዝ ዳር ነው።

«ደመወዝ ይጨምራል» — እንደ ግቢው

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆነ እውነት ነው። በማስተርስ ሌክቸረር የነበረው ፒኤችዲውን ሲይዝ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል፤ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ወደ ፕሮፌሰርነት የሚወስደው መንገድም ይከፈትለታል። ከዚያ ግቢ ሲወጣ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ባንኩ፣ የኮንስትራክሽን ድርጅቱ፣ አብዛኛው የእርዳታ ድርጅት በማስታወቂያው ላይ የሚለጥፈው «ዲግሪ ወይም ማስተርስ፣ ይህን ያህል ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ነው። አንዱ ዳታ ሲሰበስብ አብሮት የተመረቀው ጓደኛው እድገት አግኝቷል፤ ምናልባትም ኮንዶሚኒየሙን ከፍሎ ጨርሷል። ይህን ወጪ ማንም በወረቀት ጽፎ አያሳይም። እኔ ለሚጠይቁኝ የምለው፣ ከ10 ዓመት በኋላ ልትሠሩበት የምትመኙትን ቦታ የሚመለከቱ 10 የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡና ስንቱ ፒኤችዲ እንደሚጠይቅ ቁጠሩ ነው። አንድም ከሌለ መማር ክልክል አይደለም፤ ለደመወዝ ነው ማለት ግን ይቅር።

«ውጭ ለመማር ሀብታም መሆን ያስፈልጋል» — ግማሽ ተረት

በአሜሪካ በሳይንስና በምህንድስና የተለመደው፣ ዩኒቨርሲቲው ክፍያውን ሸፍኖ ተማሪው በማስተማር ወይም በምርምር እያገዘ አበል የሚያገኝበት አሠራር ነው። በብዙ ዘርፎችም ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል። በኔዘርላንድስ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ያለው የ4 ዓመት የቅጥር ውል ነው። ግማሹ እውነት የቋንቋ ፈተናው፣ የማመልከቻውና የቪዛው ወጪ ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ይተመናል። ስኮላርሺፕ የሌለበት «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ደግሶ ያበላ ሰው አውቃለሁ። ድግሱ ቸኩሎ ነበር።

«ዋናው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው» — ተረት፣ ያውም ጎጂው

ዋናው አማካሪው ነው። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢሜይል የማይመልስ አማካሪ አለ፤ ስሙ ባልገነነው ውስጥ ምዕራፉን በቀይ እስክሪብቶ አጥለቅልቆ በሳምንት የሚመልስ አለ። የማውቃት ተማሪ ሁለተኛ ምዕራፏን ሰጥታ 9 ወር ጠበቀች፤ በመጨረሻ የተነገራት «የትኛው ምዕራፍ?» የሚል ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አማካሪው አንድ ጠዋት ተሹሞ ይነቃል፣ ተማሪው ፊርማ ፍለጋ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይዞራል።

ስለዚህ ከማመልከት በፊት የአማካሪውን የቀድሞ ተማሪዎች ፈልጎ ቡና መጋበዝ ነው። ስንት ተማሪ አስጨረሰ? በስንት ዓመት? ረቂቅ ሲደርሰው እስከ መቼ ያቆየዋል? ጆርናል ላይ ሲታተም የማን ስም ይቀድማል? ብዙ አመልካች ስለሚከራየው ቤት የሚያጣራውን ያህል እንኳ ስለ አማካሪው አያጣራም።

«በአራት ዓመት ያልቃል» — በወረቀት ላይ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በ1970ዎቹ ማብቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በየዩኒቨርሲቲው ቢበዛም መንገዱ አላጠረም። ኮርሱ አልቆ ፕሮፖዛሉ ካለፈ በኋላ የትብብር ደብዳቤ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የጥናት ቦታቸው እዚያ የነበረ ተማሪዎች መጠይቃቸውን ይዘው ቀሩ። አሜሪካም ቢሆን 6 ዓመት ገደማ መፍጀቱ የተለመደ ነው።

ቀኑ ሲገፋ ደግሞ በአቋራጭ የማሳተም ፈተና ይመጣል። ገንዘብ ተቀብሎ ያለ በቂ ግምገማ በሳምንት የሚያትም ጆርናል ኢሜይል ይልካል፣ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ። ጄፍሪ ቢል የተባለው አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዲህ ያሉትን አሳታሚዎች ሲዘረዝር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አነሣው። አሳታሚዎቹ ግን አልጠፉም።

«ጀምሮ መተው ውርደት ነው» — ተረት፣ ዕዳው ግን እውነት ነው

በአሜሪካ በብዙ ፕሮግራሞች መሐል ላይ የሚያቆም ተማሪ ማስተርሱን ይዞ ይወጣል፤ ማንም ጉድ አይለውም። እዚህ በመሥሪያ ቤቱ ስፖንሰርነት የሚማር መምህር ግን ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል፣ ዋስም ይጠራል። የማቋረጥ አንቀጹን ከፊርማው በፊት ማንበብ ይሻላል። ዋስ የሆኑት አጎት ስለ ፕሮፖዛሉ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ደብዳቤው የሚደርሰው ግን እሳቸው ቤት ነው።