ሁለተኛ ጆሮ ለኤደን ባሕረ ሰላጤ

የሐርጌሳ ገበያ ሩዙንና ዘይቱን በአብዛኛው የሚያገኘው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከበርበራ ወደብ ነው፤ ወደ ሳዑዲ የሚላከው በግና ፍየልም የሚወጣው በዚያው በር ነው። ከወደቡ ፊት ያለው ባሕር ሥጋት አያጣውም። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በሚሳይል የተመታችው ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ሠራተኞቿ ጥለዋት ከወጡ በኋላ፣ እስክትሰጥም ድረስ ለሁለት ሳምንት ገደማ ማንም ሳይነዳት ተንሳፍፋለች። እንዲህ ያለ ነገር ከፊቱ መኖሩን አንድ ካፒቴን በምን ይሰማል?

የተለመደው መንገድ ናቭቴክስ ነው። በ518 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ትንሽ መቀበያ መልእክቱን ራሱ ያትመዋል ወይም በስክሪን ያሳየዋል፤ ጣቢያዎቹም በየአራት ሰዓቱ ተራ ይዘው ያሰራጫሉ። ሞገዱ ግን ከ250 እስከ 400 የባሕር ማይል ቢደርስ ነው። የሙስካት ጣቢያ ከበርበራ ከ1000 የባሕር ማይል በላይ ይርቃል። መቀበያው ዝም ስላለ ብቻ ባሕሩ ሰላም ነው ብሎ የሚያምን መኮንን ራሱን እያታለለ ነው።

ናቭቴክስ በማይደርስበት ዋናው መንገድ ሳተላይት ነው። ቀይ ባሕርን፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤንና የዓረብ ባሕርን የሚያጠቃልለውን ዘጠነኛ የባሕር ማስጠንቀቂያ ቀጠና የምታስተባብረው ፓኪስታን ናት፤ ማስጠንቀቂያው በኢንማርሳት በኩል ይደርሳል። ኢሪዲየምም በ2018 እ.ኤ.አ. ለዚህ አገልግሎት ዕውቅና አግኝቷል። መኮንኑ ትክክለኛውን ቀጠና መሣሪያው ላይ ካልሞላ ግን ደህና የሚሠራ መቀበያም ማስጠንቀቂያውን ያሳልፈዋል።

ሳተላይቱ ሲጠፋ የሚቀረው አጭር ሞገድ ነው። ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ነጥሮ ስለሚመለስ ሺህ ማይሎችን ይሻገራል። ሌሊት 4210 ወይም 6314 ኪሎኸርዝ፣ ቀን 8416.5 ወይም 12579 ይሞከራል። መልእክቱ የሚላከው በጽሑፍ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይላካል፤ መቀበያው የመጀመሪያውን ካልያዘው ሁለተኛውን ይወስዳል፤ ሁለቱም ከተበላሹ በቦታው የኮከብ ምልክት ያትማል። ኮከብ የበዛበት መልእክት ላይ የቦታ ቁጥሮቹን ማመን አይገባም፤ ስርጭቱ እስኪደገም መጠበቅ ነው። ሁሉም ጣቢያ በዚህ መንገድ ስለማያሰራጭ የየጣቢያውን ሰዓት አስቀድሞ ከሬዲዮ ጣቢያዎች መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። ነጠላ ጎን ባንድ የሚይዝ ሬዲዮ፣ ላፕቶፕና አንድ የድምፅ ገመድ ያለው ሰውም ሊያነበው ይችላል።

በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሶላስ (ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት) ማሻሻያ ይህ የጽሑፍ ሬዲዮ ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት ግዴታ መሆኑን አስቀርቷል፤ ማስጠንቀቂያ ለመቀበል ግን ዛሬም ያገለግላል። እኔ ከመርከብ ላይ አይነቀል ባይ ነኝ።

ከ300 ቶን በታች የሆኑትን የጭነት ጀልባዎች ሶላስ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን እንዲይዙ አያስገድዳቸውም። ብዙዎቹ ያላቸው ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ከጥቂት አሥር ማይሎች አይዘልም። ለእነሱ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው በአቅራቢያቸው ያለ ትልቅ መርከብ በቻናል 16 ሦስት ጊዜ «ሴኩሪቴ» ብሎ ከጠራና መልእክቱን በሌላ ቻናል ካነበበላቸው ነው።