ገንዘቤ የት አለ? የባንክ ሠራተኛው ፈተና በቁሓ

ከአዲስ አበባ ወደ አዲግራት የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ መቀሌ ከሚገነጠልበት ስፍራ የምትገኘው ቁሓ ዛሬ ከመቀሌ ክፍላተ ከተማ አንዷ ናት። እንዲህ ባለ የመንገድ ዳር ከተማ ባንክ የሚገባው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ደመወዙን የሚያወጣ መምህር፣ የዕለት ሽያጩን የሚያስገባ ነጋዴ፣ ከውጭ አገር የተላከለትን ሐዋላ የሚቀበል ሽማግሌ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ሁሉንም የሚያስተናግደው በባንክ ቤት አጠራር የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር የሚባለው ሠራተኛ ነው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ገንዘብ መቁጠር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ሒሳብ ይከፍታል፤ መታወቂያና ፊርማ ያመሳክራል፤ የጠፋ ደብተር ይተካል፤ ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ቅጹን አስረድቶ ያስሞላል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር መግጠም አለበት። ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ባንኮች ለቅርንጫፎቻቸው የተቀማጭ ማሰባሰቢያ ዕቅድ ስለሚሰጡ፣ በየሱቁ እየዞረ አዲስ ደንበኛ ማምጣት ይጠበቅበታል። ደንበኛው ገንዘቡን የሚሰጠው ለባንኩ ቢሆንም የሚያምነው ግን ፊቱን የሚያውቀውን ሠራተኛ ነው።

ይህ እምነት በትግራይ እንደተፈተነ በሌላ የአገሪቱ ክፍል አልተፈተነም ማለት ይቻላል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዳዲስ የብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ፣ በየቤቱ ገንዘብ ያስቀመጠ ሁሉ ወደ ባንክ እንዲያመጣ ተነገረው። ሰባት ሳምንት ቆይቶ ጥቅምት 24 ቀን ጦርነቱ ተነሳ፤ ባንኮችም ተዘጉ። በመካከሉ ለጥቂት ወራት በአንዳንድ ከተሞች ከመከፈታቸው በቀር፣ አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ የተመለሰው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። ትናንት “ቤት ውስጥ ከምታስቀምጡ ባንክ ይሻላል” ሲል የነበረው ሠራተኛ “ገንዘቤ የት አለ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጪ ሆኖ ተገኘ።

መልሱ በኢኮኖሚ ቋንቋ ቀላል ነው። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ በካዝና አከማችቶ አያስቀምጥም። አብዛኛውን አበድሮ፣ ለዕለት ወጪ የሚበቃውን ብቻ በቅርንጫፉ ይይዛል። ስለሆነም ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ባንክ ሲከፈት ደንበኛው ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘቡን ልውሰድ ቢል፣ ሒሳቡ በመዝገብ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጥሬ ገንዘቡ አይበቃም። ባንኮቹ ሲከፈቱ የሚወጣው መጠን የተገደበውም የጥሬ ገንዘብ እጥረት ስለነበረ ነው። ልጁን ለማሳከም ለመጣ አባት ግን ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ዋጋ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ለምሳሌ 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በ7 በመቶ ወለድ በሁለት ዓመት 11,449 ብር ይኖረዋል። ዋጋ በየዓመቱ በ30 በመቶ ቢጨምር ግን በፊት በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 16,900 ብር ይደርሳል። ወለዱ ሙሉ በሙሉ ቢታሰብለት እንኳ ገንዘቡ የሚገዛለት ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ጨምሯል፤ ዘንቢሉ ግን ጎድሏል።

ተበዳሪው ደግሞ የራሱ አቤቱታ አለው። ሱቁ ተዘግቶ፣ መኪናው ቆሞ በከረመበት ጊዜ የተቆጠረው ወለድ በትግራይ ነጋዴዎችና በባንኮች መካከል አከራካሪ ሆኗል። ይህን የመወሰን ሥልጣን የቅርንጫፍ ሠራተኛው እጅ ውስጥ የለም። ቁጣውን በመጀመሪያ የሚሰማው ግን እርሱ ነው። እርሱም ቢሆን የዚያው ከተማ ነዋሪ፣ የዚያው ጦርነት ተጎጂ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በአገሪቱ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢከስር ለአስቀማጩ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። ባንክ ሲዘጋ የሚባክን ጊዜንና በዋጋ ንረት የሚጠፋ ዋጋን ግን መድን አይሸፍንም።

ስለዚህ ለሠራተኛው የቀረው መሣሪያ እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ዛሬ ስንት ብር ማውጣት እንደሚቻል፣ ወለዱ እንዴት እንደታሰበ፣ አቤቱታ የሚቀርበው ለማን እንደሆነ ዋናው መሥሪያ ቤት በግልጽ ጽፎ ካልሰጠው፣ ሠራተኛው በራሱ ስምና በራሱ ፊት ዕዳ ሲከፍል ይኖራል። ተቀማጭ አሰባስብ የሚለው ዕቅድ ከመምጣቱ በፊት ለአሮጌው ደንበኛ የሚሰጠው መልስ መቅደም ይኖርበታል። አንዴ የተከዳ አስቀማጭ ገንዘቡን ተመልሶ ፍራሹ ሥር ቢከት የሚፈረድበት አይሆንም።